ቅቤ የጠጣው ድልድይ

«ጆንያውንማ ቻለ! አሁን ሰው ይውጣበት!» ብሎ ጮኸ ማሜ።

ማሜ ከሰባተኛ ክፍል ልጆች ሁሉ ወፍራሙ ነው። ማንም ሳይጋብዘው ጫማውን አወለቀና በጎርፍ ቦዩ ላይ ወደተዘረጋው የቀርከሃ ድልድይ ሄደ። ድልድዩ መሀል ላይ የገብስ ጆንያ ተከምሯል። ቦዩ የሰው ደረት ያህል ጥልቀት አለው፤ ሥሩም ጎርፍ ክረምት ከክረምት እያንከባለለ ያመጣው ድንጋይ ነው። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ሙሉካ ግን ማሜን አላየችውም። ዓይኗ ቀርከሃ ከቀርከሃ በተገናኘበት ቦታ ሁሉ በጠፍር የታሰሩትን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ ይፈትሽ ነበር።

ቀርከሃው በማሜ ክብደት ጎበጥ አለና እዚያው ረጋ። ቋጠሮዎቹ ሲጥ እንኳ አላሉም።

«ወላሂ አይወድቅም!» አለ ማሜ፣ ሠርግ ቤት ያለ ይመስል ጆንያው አጠገብ እየጨፈረ። ግቢው በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ወለተኢየሱስ የሙሉካን አንገት አቅፋ ጉንጯን ሳመቻትና «አሸነፍን! ሙሉካኮ፣ አሸነፍን እኮ!» እያለች ዘለለች። ‹ሙሉካኮ› ማለት በኦሮምኛ ‹የኔ ሙሉካ› ማለት ነው። እንደዚያ ብላ የምትጠራት ወለተኢየሱስ ብቻ ናት። ሙሉካም አብራት ዘለለች። በዐሥራ አራት ዓመት ዕድሜዋ እንደዚያን ቀን ተደስታ አታውቅም።

ደስታዋ የቆየው ደጀኔ እስኪመጣ ድረስ ነበር።

ደጀኔ አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ የመጡት የምህንድስና ተማሪዎች መሪ ነው። ከጓደኞቹ ጋር በላንድሮቨር ጎባ ከገባ ሳምንት ሊሞላው ነው። የመጡት ለባሌ ልጆች የመሐንዲስ ሥራ ምን እንደሆነ ለማሳየት ነው ሲባል፣ ተማሪው ሁሉ ሌላ የሰልፍ ንግግር መስሎት ተሰላችቶ ነበር። ንግግሩ ግን ቀረ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ቀጫጫ የአራተኛ ክፍል ልጅ በመዘውርና በገመድ የስፖርት አስተማሪውን ከመሬት አንሥታ አየር ላይ ስታንጠለጥላቸው፣ ግቢው በአንድ ጊዜ መሐንዲስ ካልሆንኩ በሚል ልጅ ተሞላ። በማግሥቱ ተራ ወረቀት አጣጥፈው መጻሕፍት አሸከሙት። ሦስት ማዕዘን ሆኖ የታሰረ እንጨት ለምን እንደማይንጋደድ በእጃቸው እየገፉ አዩ። ከዚያ ደጀኔ የጎርፍ ቦዩ ዳር አቆማቸውና ውድድሩን አስታወቀ።

«ሁለት ሁለት ሆናችሁ በዚህ ላይ ድልድይ ትሠራላችሁ። ምስማር ክልክል ነው። ሽቦም ክልክል ነው። ከቤታችሁና ከሠፈራችሁ በምታገኙት ነገር ብቻ! ከዚህ ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ ብቻ ቦታ አለን። የአሸናፊውን ድልድይ ሐሳብ ያመነጨው ልጅ ክረምቱን አዲስ አበባ መጥቶ እኛ ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራል።»

ሙሉካ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትሠራ ያን ጊዜውኑ አውቃለች። አባቷ አሊዪ ኮርቻ ሠሪ ናቸው። የኮርቻውን እንጨት ባልለፋ ጥሬ ቆዳ ነው የሚያስሩት። ቆዳውን በቀጭኑ ይተለትሉትና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ እንደራሰ ይቋጥሩታል። እየደረቀ ሲሄድ እየተኮማተረ እንጨቱን ጨምድዶ ይይዛል። ከደረቀ በኋላ ያን ቋጠሮ በእጅ እፈታለሁ የሚል ካለ ጥፍሩ ተነቅሎ ይመለሳል። ፈረስ ዘሎ ሰው ቢወድቅ ኮርቻው አይፈታም። ሙሉካ ይህን ስታይ ነው ያደገችው።

«ታዲያ ቀርከሃውን እንደዚያ ብናስረውስ?» አለች ለወለተኢየሱስ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ።

«በጠፍር? በእርጥቡ?» ወለቴ ቆም አለች። «ሙሉካኮ፣ አንቺ እብድ ነሽ! በይ እንሥራው። ካሸነፍን የምትሄጂው አንቺ ነሽ፤ ሐሳቡ ያንቺ ነው።»

ይህን ያለችው ወለቴ ራሷ ናት። ማንም አላስገደዳትም።

ሥራውን ተከፋፈሉት። ወለቴ አባቷ በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ስለሆኑ፣ ከሪራ ደን እየተጫነ ገበያ ከሚመጣው ቀርከሃ እንዲያስገኙላቸው ለመነቻቸው። ሙሉካ ቆዳውን ተለተለች፤ ዘፈዘፈች፤ ቋጠረች። ጭጋግ እንዳይመታው ማታ ማታ ሰሌን እያለበሰች፣ ጠዋት ጠዋት እየገለጠች አደረቀችው። ለአስተማሪዎቹና ለእንግዶቹ ማስረዳቱ ግን የወለቴ ድርሻ ሆነ። በሁለቱ መካከል የቆየ ልማድ ነበር። አምስተኛ ክፍል ሳሉ ሙሉካ ተነሥታ ስታነብ ክፍሉ በአነጋገሯ ሳቀባት፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ አድርጋ ነበር ያነበበችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአማርኛ መናገር በመጣ ቁጥር ወለቴ ቀድማ ትነሣላታለች። ሙሉካ ለዚህ ውለታ ወለቴን ከእህት አብልጣ ትወዳት ነበር።

አሁን ደጀኔ ድልድዩ አጠገብ ተንበርክኮ አንዱን ቋጠሮ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው። የሌሎቹ ልጆች ድልድዮች ጆንያ ሳይጫንባቸው ነው ያለቀላቸው። ቃጫው ተለጥጦ፣ ልጡ ተበጥሶ፣ ቦዩ ውስጥ ተጋድመዋል።

«ግሩም ነው! በእርጥቡ ታስሮ ሲደርቅ ራሱን አጠበቀ ማለት ነው። የማን ሐሳብ ነው?» አለ።

ወለቴ እንደ ልማዷ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች። ሙሉካ ስሟን ልትሰማ ነውና ፊቷ ቀድሞ ጋለ።

«የኔ ነው፣ ጋሼ።»

ሙሉካ ጆሮዋን ተጠራጠረች።

«አባቴ በቅሎ አለው» ስትል ቀጠለች ወለቴ፤ አማርኛዋ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። «የበቅሎዋን ኮርቻ ሳይ ነው ያሰብኩት። ሙሉካ ደግሞ በእጅ ሥራው አግዛኛለች። እጇ በጣም ጎበዝ ነው።»

ደጀኔ ወደ ሙሉካ ዞረ። «እንደዚያ ነው?»

ግቢው ሙሉ ልጅ ሙሉካን አያት። ‹ውሸት ነው› የሚለው ቃል በሁለቱም ቋንቋ መጣላት፤ የአምስተኛ ክፍሉ ሳቅም አብሮ መጣባት። ወለቴን አየቻት፤ ወለቴ አላየቻትም። ሙሉካ እንባዋ እንዳይታይባት ብላ አንገቷን ደፋች። ደጀኔ ግን የትሕትና እሺታ መሰለው።

«ጎበዞች!» አለና አጨበጨበ። «እንግዲህ ነገ ጠዋት ከጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ባለሥልጣኖች ይመጣሉ። ወለተኢየሱስ፣ አንቺ ራስሽ በድልድዩ ላይ እየተሻገርሽ ታስረጃቸዋለሽ።»

ሙሉካ ጭብጨባው ሳያልቅ ከግቢው ወጣች። በሩን እንዳለፈች ማሜ ጫማውን በእጁ እንዳንጠለጠለ ሮጦ ደረሰባት።

«በላችሽ አይደል?» አላት በኦሮምኛ። «ሳምንቱን ሙሉ ቆዳ ስትዘፈዝፊ አይቼሻለሁ። ሸወደችሽ እኮ! ለምን አትናገሪም?»

«ተወኝ፣ ማሜ።»

«እሺ እኔ ልንገርልሽ?»

«ተወኝ አልኩህ!»

ማሜ ትከሻውን ነቅንቆ ተመለሰ። ሙሉካ በእሱ መናደዷ ለራሷም ገረማት። እውነቱን ነው የነገራት። ግን የሷን ነገር የሚናገርላት ሌላ ሰው ሲመጣ ቆዳዋ ላይ እንደ እሾህ ወጋት።

ብዙም ሳትርቅ ወለቴ ደረሰች። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ሲጫወቱም ሆነ ሲጣሉ የሚያወሩት ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነበር። ዛሬ ወለቴ በአማርኛ ጀመረች።

«ሙሉካ፣ ተቆጣሽ እንዴ?»

ሙሉካ መራመዷን ቀጠለች።

«ድንገት ሲጠይቀኝ ከአፌ አመለጠኝ እኮ። አንዴ ከወጣ በኋላ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?»

«ስለ በቅሎዋ ኮርቻ የነገርሽውም አምልጦሽ ነው?» አለች ሙሉካ በኦሮምኛ።

የወለቴ ድምፅ ደረቅ አለ።

«እሺ፣ አጥፍቻለሁ እንበል። ግን እስቲ አስቢው። አባትሽ አዲስ አበባ ይልኩሻል? ያንቺ አባት? ደግሞስ ብትሄጂ እዚያ ምን ብለሽ ልታወሪ ነው? አንድ ገጽ ማንበብ የሚያስፈራሽ ልጅ በዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፊት ቆመሽ ልታስረጂ ነው? ይስቁብሻል፣ ሙሉካ። ቦታው ባዶውን ከሚቀር እኔ ብሄድ ምን አለበት? ስመለስ ሁሉንም እነግርሻለሁ።»

ሙሉካ ቆመች። ከውሸቱ ይልቅ ይህ ነው አንጀቷን የቆረጠው። ያን ሁሉ ጊዜ ወለቴ ከፊቷ እየቆመች ስትናገርላት፣ ለካ በልቧ አትችልም ብላ ደምድማለች። ያቀፈቻት መስሏት፣ ለካ ሸፍናት ነው የኖረችው።

«አባቴ ፈቅዷል» አለች።

«ምን?»

«አባቴ ፈቅዷል። አክስቴ ሃጂራ መርካቶ አለች፤ እሷ ጋ አርፋለሁ። ካሸነፍን በኋላ ላስደስትሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

የወለቴ ፊት ተለዋወጠ። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ የትምህርት ቤቱን በር አየች። በሩ ሩቅ አልነበረም፤ የደጀኔ ድምፅም ይሰማል። ሙሉካ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀቻት። አሁን ብትመለስ፣ አሁን ሮጣ ገብታ ‹ተሳስቼ ነው› ብትል፣ ሁሉንም ትረሳላት ነበር። ወለቴ ግን ደብተሯን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ርእሰ መምህሩ ለአባዬ ስልክ ሊደውሉለት ገብተዋል። ነገ ከአለቆቹ ጋር ነው የሚመጣው። አሁን እኔ አይደለሁም ብል እሱን ማዋረድ ነው» አለች።

«እኔስ?» አለች ሙሉካ።

ወለቴ ወደ ቤቷ በሚወስደው መንገድ ታጥፋ ሄደች፤ ዞር ብላም አላየችም። ሙሉካ ሁለት ልብ ሆና መንገዱ ላይ ቆመች። ሮጣ ፀጉሯን መንጨት ፈልጋ ነበር። እንደ ትናንቱ አብራት መሄድም ፈልጋ ነበር። ይህ ሁለተኛው ነገር በራሷ ላይ አናደዳት።

ቤት ስትደርስ አባቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አዲስ ኮርቻ ይሠራሉ። ቀና ብለው አዩአትና «ኢንተለኮ፣ ልጄ፣ ድልድይሽ ቆመ?» አሏት።

«ቆመ፣ አባ።»

«ማሻአላህ! እኔስ አልጠራጠርኩም። ለአክስትሽ በሹፌሩ በአብዶ በኩል መልእክት ልኬላታለሁ፤ ፍራሽሽን ታዘጋጅ ብያታለሁ።»

ሙሉካ ‹አልሄድም› ማለት አቃታት። ‹ወለቴ ካደችኝ› ማለትም አቃታት። ወለቴ በዚህ ቤት እንደ ልጅ የምትገባ የምትወጣ ናት፤ አባቷ ኮርቻ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጣ ስንት ቀን ቆዳ ጎትታላቸዋለች። ሙሉካ ራሴን አሞኛል ብላ ገባችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ካለቀሰች በኋላም አላበቃላትም። ወለቴ የሳመቻትን ጉንጭ ደጋግማ በእጅጌዋ ጠረገችው።

በማግሥቱ ጠዋት እግሯ በልማድ ወደ ትምህርት ቤት ወሰዳት። ሰሌኑን መግለጥ አለባት፤ ማን ይግለጠው? ከሳነቴ አምባ በኩል የወረደው ጭጋግ ግቢውን ውጦታል። ዘበኛው ከሰላምታ በቀር ምንም ሳይጠይቋት አስገቧት። ቦዩ ዳር ስትደርስ መጀመሪያ ያገኛት ሽታ ነበር።

ቅቤ።

ሰሌኑን ገለጠችው። ቀርከሃው ከአቧራ ጠርቶ ታጥቧል። ጠፍሩ ከዳር እስከ ዳር ቅቤ ጠጥቶ ያብረቀርቃል። አንዱን ቋጠሮ በሁለት ጣቷ ያዘችው። ትናንት እንደ አጥንት የደረቀው ቋጠሮ ዛሬ እንደ ጆሮ ተጣጠፈላት። ሌላኛውን ነካች፤ እሱም ያው ነው። ክው አለች።

ማን እንደቀባው ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። የነወለቴ በቅሎ ለበዓል ስትወጣ ልጓሟ በሞቀ ውሃ ታጥቦ ቅቤ ይቀባል። የለፋ ቆዳ ቅቤ ሲጠጣ ያምራል፤ ይለሰልሳል። ልጓም መለስለስ አለበት። ጥሬው ቆዳ ግን ጉልበቱ ድርቀቱ ነው፤ በሞቀ ውሃ ካጠቡትና ቅቤ ካጠጡት ይላላል፤ ሳይደርቅም ይቀራል። ይህንን ሙሉካ ቋጠሮ ስትቋጥር ለወለቴ ነግራት ነበር። ወለቴ ያን ጊዜ ለአስተማሪዎቹ የምትናገረውን ታጠና ነበር።

እንደገና አስሮ ለማድረቅ ጊዜ የለም። ባለሥልጣኖቹ ጭጋጉ ሲገፈፍ ይደርሳሉ።

ሙሉካ ቦዩ ዳር ቁጢጥ አለች። ድልድዩን ላየው ሰው ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ከትናንት ይልቅ ያምራል። ወለቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ትመጣለች። ያን የሚፈስስ አማርኛዋን እያንቆረቆረች መሀል ትደርሳለች። ከዚያ ቋጠሮዎቹ አንድ በአንድ ይንሸራተታሉ። በአባቷ ፊት፣ በአለቆቻቸው ፊት፣ በደጀኔ ፊት ትወድቃለች። ‹ሐሳቡ የኔ ነው› ያለች ልጅ ሐሳቧ ቦዩ ውስጥ ይጥላታል። ሙሉካ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም፤ ሰሌኑን መልሳ አልብሳ ቤቷ መሄድ ብቻ ነው።

«ትውደቅ» አለች ጮክ ብላ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጣፋጭ ነበር። መዋሸት ምን ዋጋ አለው፤ በጣም ጣፋጭ ነበር። ሰሌኑን አንሥታ ግማሹን አለበሰችው። ከዚያ ሥሩ ያለው ድንጋይ ታያት። ጎርፉ ያጠበው፣ ጠርዙ የሾለ ድንጋይ ነው። ወለቴ የምትወድቀው እዚያ ላይ ነው፤ በጉልበቷ ወይም በግንባሯ። ሙሉካ ሰሌኑን እንደያዘች ቆየች። ወለቴን ይቅር አላለቻትም። ይቅር ማለት የሚባል ነገር ያን ጠዋት በአጠገቧም አልነበረም። ግን እዚያ ድንጋይ ላይ ደም አይታ፣ የኔ ቋጠሮ ነው ብላ መኖር አትችልም።

ብትነግራቸውስ? ለማን? ‹ቅናት ነው› ትላለች ወለቴ፤ ያውም ባማረ አማርኛ።

ሙሉካ ሰሌኑን ወዲያ ጣለችና ከዳር ካለው ቋጠሮ ጀመረች። ቅቤው ጣቷን እያንሸራተተ አስቸገራት እንጂ ቋጠሮው አልታገላትም። ጠፍሩን እየፈታች ክንዷ ላይ ጠቀለለችው። ቀርከሃዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች ሣሩ ላይ ጎን ለጎን አጋደመቻቸው። ስንት ቀን የፈጀባትን ሥራ ስትፈታ እጇ አልቆመም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ወለቴ ከጭጋጉ ውስጥ ወጣች። ሙሉካ እንደገመተችውም ነጭ ቀሚስ ለብሳለች።

«ማን ቅቤ ቀባው?» አለች ሙሉካ ቀና ሳትል።

«ትናንት ማታ ከሠራተኛችን ጋር መጥተን ነው። አጥበን ቀባነው። እንዲያምር... ሙሉካ፣ ፍቺውን ተዪ! ምን ሆነሻል? ቀናሽ?»

ሙሉካ አንዱን ያልተፈታ ቋጠሮ አነሣችና «ያዢው» አለቻት። ወለቴ ያዘችው። በጣቷ ጫን ስትለው ቋጠሮው ተንሸራተተ፤ ቀርከሃው ከቀርከሃው ተላቀቀ። ወለቴ እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበችው። ቦዩን አየች፤ ድንጋዩን አየች። ነጭ ቀሚሷ ላይ የቅቤ ጣት አሻራ አረፈበት።

«ልወድቅ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ።»

ሩቅ የላንድሮቨር ድምፅ ተሰማ። ወለቴ ደነገጠች። የሙሉካን ክንድ ያዘች፤ አሁን የምትናገረው በኦሮምኛ ነበር።

«ሙሉካኮ፣ ማሎ፣ እባክሽ! ሌላ ገመድ ፈልገን እናስረው። ለዛሬ ብቻ ይቁም። እኔ አልሻገርበትም፤ ከዳር ሆኜ አስረዳለሁ። እነሱ ሲሄዱ እውነቱን ለደጀኔ እነግረዋለሁ። በእመቤቴ እምልልሻለሁ፤ ማሎ!»

‹ሙሉካኮ› የሚለው ስም አሁንም ልቧን ነካው። ምናልባት ወለቴ የምሯን ይሆናል። ምናልባት እንግዶቹ ሲሄዱ ትናገር ይሆናል። ወይም ደግሞ አባቷ አቅፈው ሲስሟት፣ ነገ ትላለች፤ ከነገ ወዲያም ትላለች። ሙሉካ ትናንት መንገድ ላይ ትንፋሿን ይዛ ጠብቃታለች። ሁለተኛ መጠበቅ አልፈለገችም። ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀችና የቀሩትን ቋጠሮዎች መፍታቷን ቀጠለች። ወለቴ አጠገቧ ቆማ አለቀሰች። ሙሉካ ልቅሶዋን እየሰማች አላባበለቻትም፤ ከተዋወቁ ጀምሮ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ላንድሮቨሩ በር ላይ ቆመ። ደጀኔ ከሁሉ ቀድሞ ወረደና ወደ ቦዩ መጣ፤ ልጆችም ከኋላው ተንጋጉ። ባዶውን ቦይ አየ። ሣሩ ላይ ተጋድመው የተደረደሩትን ቀርከሃዎች አየ።

«ምንድን ነው ይሄ? ድልድዩን ማን ፈታው?» አለ።

ወለቴ እንባዋን በእጇ ጠርጋ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣችና አፏን ከፈተች። ሙሉካ እጇን ዘርግታ ከለከለቻት።

«እኔ እናገራለሁ» አለች በአማርኛ። አነጋገሯ ያው የራሷ ነበር፤ ከኋላ ከቆሙት ልጆች አንዱ ፍርፍር ብሎ ሲስቅ ሰማችው። ግን ቀጠለች። «ሐሳቡ የኔ ነው። የቋጠርኩት እኔ ነኝ። የፈታሁትም እኔ ነኝ።»

ደጀኔ አንዴ እሷን፣ አንዴ ወለቴን አየ። የመኪናው ሌላው በር ተከፍቶ ባለሥልጣኖቹ እየወረዱ ነው። ሙሉካ የመጨረሻውን ጠፍር ጠቅልላ ብብቷ ሥር ሸጎጠችና፣ ፊቱን እያየች ቀጣዩን ጥያቄ ጠበቀች።